ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ሠርክአዲስ ክንፈሚካኤልን መጀመሪያ ያየችው ሲያለቅስ ነው።

ያስለቀሰው ሐዘን አይደለም፤ በርበሬ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ «እታለም ፎቶና ቪዲዮ» የሚባል ቤት ነበር። ከጎኑ የበርበሬ ወፍጮ አለ፤ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የአካባቢው በርበሬ ሲደርስ ያ ወፍጮ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ፎቶ ሊነሣ የገባ ሁሉ ያስነጥሳል። የቤቱ ባለቤት እትዬ እታለም «ፈገግ በሉ» ከማለታቸው በፊት «አስነጥሳችሁ ጨረሳችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚያ ሰሞን በከተማው የወጣ መታወቂያ ቢሰበሰብ ዓይኑ ያልቀላ ሰው አይገኝበትም።

ጊዜው ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው። ያኔ ያለ ቪዲዮ ሰርግ መደገስ ነውር እየሆነ መጥቶ ነበር። ቀረጻው የእትዬ እታለም ሲሆን፣ ቆርጦ መቀጠሉ፣ ዘፈን መጨመሩ፣ የሙሽሮቹን ስም በልብ ቅርጽ ውስጥ አስገብቶ በሲዲ ማውጣቱ ደግሞ የሠርክአዲስ ሥራ ነው። ሠርክአዲስ የማንኩሳው የመሪጌታ ወልደ ሥላሴ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ ኮምፒውተር ተምራ እዚያ ከተቀጠረች ወዲህ አባቷ ለሰው ሁሉ «ልጄ የሰው ደስታ ነው የምትጽፍ» እያሉ ይኮሩባት ነበር።

ታዲያ የጥር ሰርግ ሊገባ ሲል ኮምፒውተሩ አመሉ ተለወጠ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር ይጋደማል። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ፊታቸው በአራት ማዕዘን ይቆራረጣል። ከዚያ ሁሉም ነገር ጥቁር ይሆንና ድርቅ ይላል። የከተማው ባለሙያ መጥቶ እንደ ልማዱ «ፎርማት ይደረግ» አለ። ተደረገ። መስመሩ ግን ተመልሶ መጣ። ያን ጊዜ ነው እትዬ እታለም ቡሬ ድረስ ደውለው ክንፈሚካኤል የሚባለውን ያስጠሩት።

ከሲታ፣ ረዘም ያለ፣ ሲገባ ጎንበስ የሚል ልጅ ነው። ቦርሳውን አስቀምጦ ገመዱን ነቀለ፤ በካቻቪቴ ጎኑን ከፈተ፤ ግራፊክስ ካርዱን ከውስጥ አውጥቶም ጉንጩን ሞልቶ ማራገቢያውን እፍ አለው።

የሰነበተው በርበሬ ሁሉ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«ወይኔ! ወይኔ ዓይኔን!»

«አትሸው! ካሸኸው ይብስብሃል!» ሠርክአዲስ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። እጁን ይዛ በረንዳ አወጣችው፤ ጎንበስ አድርጋ ፊቱ ላይ በጆግ ውሃ አፈሰሰችለት።

«ማን ነሽ?» አለ ዓይኑን እንደ ጨፈነ።

«ኮምፒውተሩ የኔ ነው። ማለቴ... የምሠራበት እኔ ነኝ።»

«ኮምፒውተር ነው ወይስ ድስት? የቀረው ሽንኩርት ብቻ እኮ ነው!»

ሠርክአዲስ ሳቋ አመለጣት። ክንፈሚካኤል ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው ያንን ሳቅ ነው። ዓይኑ ለመጥራት ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ወይም ጊዜ የወሰደበት አስመሰለ። እሷም ውሃው ካለቀ በኋላ ጆጉን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ወደ ውስጥ ሲመለሱ ካርዱን በመዳፉ ላይ አድርጎ አሳያት። ትንሿ ማራገቢያ በቀይ አቧራ ተደፍና መዞር አቅቷታል።

«ስክሪኑ ላይ የምታዪውን ሁሉ የምትስልልሽ ይቺ ናት» አላት። «ስትሠራ ትግላለች። ማራገቢያዋ ካልዞረ እንደ ትኩሳት በሽተኛ መቃዠት ትጀምራለች። ያ መስመር ቅዠቷ ነው።»

«ምስኪን!» አለች ሠርክአዲስ ከልቧ።

በብሩሽ አጸዳላት፤ የካርዱን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ፈገፈገ፤ መልሶ ገጠመው። ሙሽራዋ ያለ አንዳች መስመር ከቤቷ ወጣች። ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ «ከዚህ በርበሬ ጠብቂያት እሺ?» አላት።

«እጠብቃታለሁ» አለች።

ክንፈሚካኤል ይቺን ቃል ታክሲ ሳይገባ ረስቷታል። ሠርክአዲስ ግን ቃል የሚረሳ ሰው ልጅ አይደለችም።

ማታ ቤቷ ስትገባ ሳጥኗን ከፈተች። እዚያ ውስጥ ከልጅነቷ ጀምሮ በኪሮሽ የምትሠራው ነጭ ዳንቴል አለ። በዚያ አገር አንዲት ልጅ ዳንቴል ስትሠራ ለማን እንደምትሠራ አይጠየቅም፤ ለገዛ ጎጆዋ ነው። ሰፊ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ አበባ አለው፤ መሐሉ አላለቀም። ሠርክአዲስ ጨረሰችውና በኮምፒውተሩ ቁመት ልክ ቀሚስ አደረገችው። ከዚያ አየችው። ዳንቴል ቀዳዳ ነው፤ በርበሬ ያስገባል። ስለዚህ አቡጀዲ ገዝታ ከውስጥ ገበር አደረገችለት። ሲዲ ለሚገባበት ትንሽ መስኮት ቀደደችለት፤ የመስኮቱንም ዳር ዘመዘመችው። ጠዋት ጠዋት፣ ወፍጮው ሳይነሣ፣ ኮምፒውተሩን ታለብሰዋለች። አቧራ የሚመጣው ወፍጮው ሲሠራ ነው፤ ወፍጮው የሚሠራው ደግሞ እሷ ስትሠራ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለብሶ ይውላል።

እትዬ እታለም ከካሜራቸው ቀና ብለው «አንቺ፣ ይሄን ነገር ልትድሪው ነው እንዴ?» ሲሏት ሠርክአዲስ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

ብዙም ሳይቆይ መስመሩ ተመልሶ መጣ።

ወደ ቡሬ ደወለች። «እስክመጣ አጥፊው» አላት ክንፈሚካኤል። አጠፋችው። ከዚያ ቤቱን ጠረገች፤ ጠረጴዛውን ወለወለች፤ በመጨረሻም ዳንቴሉን አውልቃ፣ አጥፋ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አገሯ ውስጥ ሰው ሊመጣ ሲል ቤት ይሰናዳል፤ የሚታከምን ነገር ደግሞ ሐኪሙ ሳይለፋ ገላልጦ መጠበቅ ወግ ነው። ከወጉ በላይ ግን እፍረት ነበረባት። ለጎጆዋ ያሰበችውን ዳንቴል እሱ ላጸዳው ዕቃ እንዳለበሰችው ቢያይ ምን ይላታል?

ክንፈሚካኤል ሲደርስ ኮምፒውተሩ ቀዝቅዞ፣ ራቁቱን፣ ጨዋ ሆኖ ተቀምጧል። ጎኑን ከፍቶ አስነሣው። ምንም የለም። የሞኒተሩን ገመድ ቀየረ፤ ራሙን ነቅሎ መለሰ፤ ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። አሁንም ምንም የለም።

«እስቲ ቪዲዮ ክፈችበት፤ እስኪታመም እንጠብቅ» አላት።

ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰው ሰርግ ያዩ ጀመር። መስመሩ ግን አልመጣም።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። እሱ በሌለ ጊዜ ይታመማል፤ እሱ ሲመጣ ይድናል። ፓወር ሰፕላዩን ለወጠ፤ ሶኬቱን ፈተሸ፤ ከሌላ ኮምፒውተር ሞኒተር ተውሶ አመጣ። ባለሙያ የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ። በየመሐሉም የዱርቤቴ ሙሽራ ስትሸኝ፣ የማንኩሳ ሙሽራ ስትቀበል፣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ጥፋት ይጠብቃሉ።

«እቺን አክስት ለምን ቆረጥሻት?» ይላታል።

«አፏን ከፍታ ስትበላ ተቀርጻ ነዋ። ሙሽራዋ የኔ ሰርግ ብላ ዕድሜ ልኳን ልታየው ነው፤ ማንም ሰው አስቀያሚ እንዲሆንባት አልፈልግም።»

ክንፈሚካኤል ዞር ብሎ አያት። ስክሪኑ ላይ ሕዝብ ይጨፍራል፤ እሱ ግን እሷን ነው የሚያይ።

«ምነው?» አለች።

«ምንም። መስመሩ መጣ ወይ ብዬ ነው።»

«መስመሩ እዚያ ነው የሚመጣው፤ ፊቴ ላይ አይደለም።»

አንድ ቀን ከቡሬ ገበያ ብርቱካን ይዞላት መጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ምንም ሳይዝ መጣና ባዶ እጁን ስላያት አፈረ። እሷ የምትጠብቀው ብርቱካኑን አልነበረም። ታክሲው መናኸሪያ ሲገባ የሚያሰማውን ጥሩምባ ለይታ ስታውቅ ነው ምን እንደ ደረሰባት የገባት። ወደደችው። ጥሩምባውን ስትሰማ እጇ ማውዙ ላይ ሥራ ያቆማል።

የወፍጮ ቤት ሰዎች ማሾፍ ጀመሩ። «ዛሬም ታመመ?» ይሏታል በመስኮት። «የናንተ ኮምፒውተር የያዘው ናፍቆት ነው!» ሠርክአዲስ ትስቃለች። ሳቁ ግን እየዋለ ሲያድር እየከበዳት ሄደ። እትዬ እታለምም መሳቅ ተዉ። ባለሙያ በጠሩ ቁጥር አንድም ጥፋት አልተገኘም።

ክፉዋ ቀን የመጣችው ከጥምቀት በኋላ ነው። ክንፈሚካኤል ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ ውሎ፣ መስመር ሳያይ፣ ዕቃውን ወደ ቦርሳው እየመለሰ ነበር። ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ። ደፍሮ ለመናገር ሲዘጋጅ የሰነበተ ሰው ፈገግታ ነው።

«ሠርኬ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «መስመር የሚባል ነገር አለ? እኔን ለማየት ከሆነ... ደስ ነው የሚለኝ። ኮምፒውተሩን ማሳበብ አያስፈልግም። ና ብትይኝ እመጣለሁ።»

እሱ ፍቅሩን መናገሩ ነበር። እሷ የሰማችው ሌላ ነው።

«ዋሽተሽ ነው የጠራሽኝ ነው የምትለኝ?»

«እንደሱ ማለቴ...»

«ዋሸሽ ነው ያልከኝ!»

ፊቷ ገረጣ። ቃሉ ያመማትም በምክንያት ነበር። እሱ ሲመጣ ደስ ይላታል፤ ይሄ እውነት ነው። መስመሩም ይመጣል፤ ይሄም እውነት ነው። እሱ በአንደኛው እውነት ሁለተኛውን ውሸት አደረገባት። «አልፈልግህም» ብትል ትዋሻለች፤ «እፈልግሃለሁ» ብትል ውሸታም ትባላለች። አባቷ ከፊደል በፊት ያስተማሯት አለመዋሸትን ነው።

«ሂድ» አለችው። «ሁለተኛ አልጠራህም። ቢቃጠልም አልጠራህም።»

ክንፈሚካኤል ቦርሳውን አነሣ። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ዞራ አላየችውም። ሄደ።

ፎቶ ከሚነሣበት ክፍል መጋረጃ ጀርባ እትዬ እታለም ሁሉን ሰምተዋል። ደግ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ከካሜራቸው ይፈጥናል። የማንኩሳ ሰው በርበሬ የሚያስፈጭ እዚያው ወፍጮ ነው። «የመሪጌታ ልጅ ጎረምሳ ለማየት ዕቃ ተበላሸ እያለች ታስጠራለች» የሚለው ወሬ ከተፈጨው በርበሬ ጋር ተጭኖ ማንኩሳ ገባ።

ከዚያ ሊበን ላይ የተቀረጸው ሰርግ መጣ። ሙሽራዋ ወለተ ሐና ትባላለች። አባቷ አልጋ ከያዙ ከርመዋል፤ ልጃቸው ስትዳር ከዳስ መድረስ አልቻሉም። እሷም ለእትዬ እታለም «እሑድ ለአባቴ ላሳየው» ብላ ተማጥናለች። እትዬ እታለም ቅዳሜ ጠዋት ለሠርክአዲስ በአጭሩ ነገሯት።

«የሰው አባት ነው የሚጠብቅ። ባለሙያ ትጠሪ እንደሆነ ጥሪ፤ አልጠራም ካልሽም ጨርሺው። ዛሬ ካልደረሰ ግን እኔና አንቺ አብረን አንሠራም። ስላንቺ የሚወራውም ሰልችቶኛል።»

ሠርክአዲስ ኮምፒውተሩን ዳንቴሉን አልብሳ አስነሣችው። መስመሩ መጣ። አጥፍታ አስነሣችው። እንደገና መጣ። ስልኩ ከጎኗ ነበር፤ አልነካችውም።

*

ያን ጠዋት ክንፈሚካኤል ከቡሬ ታክሲ ተሳፍሮ ነበር። ማንም አልጠራውም። ጭኑ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ዕንቁላል አድርጎ ይዟል።

ማንኩሳ ላይ መኪናው ቆመ። ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ፣ ጋቢ የደረቡ፣ ጭራ የያዙ ሽማግሌ ገቡ። ክንፈሚካኤል ተነሥቶ የመስኮቱን ቦታ ለቀቀላቸው፤ ጥቅላቸውንም ተቀብሎ ያዘላቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥህ። የማን አገር ሰው ነህ?»

«የቡሬ ነኝ አባ።»

«ሥራህሳ?»

«ኮምፒውተር እጠግናለሁ።»

ሽማግሌው ጭራቸውን ወዘወዙ፤ በሌለ ዝንብ ላይ።

«ይሄ ታቅፈኸው የምትሄደው ምንድን ነው?»

«የኮምፒውተር ዕቃ ነው። ግራፊክስ ካርድ ይባላል። ከራሴ ኮምፒውተር ነው የነቀልኩት።»

«ያንተው ደኅና ሆኖ ሳለ?»

«አዎ አባ። ለአንዲት ልጅ ነው።» ክንፈሚካኤል ጋዜጣውን አስተካከለ። ለማያውቀው ሰው መናገር ቀለለው። «ዕቃዬ ታመመ እያለች ስትነግረኝ አላመንኳትም። እኔ ስሄድ ምንም አይታይም። አንድ ቀን ዋሸሽ የሚመስል ቃል ወጣኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

«እና አሁን ምን አይተህ አመንካት?»

«ምንም አላየሁም።»

«ምንም?»

«ምንም። እሷ አለችኝ፤ በቃ። ዕቃው አይዋሽም፣ እሷም አትዋሽም። እንግዲህ የቀረው እኔ ነኝ፤ ያልገባኝ ነገር አለ። እስኪገባኝ ድረስ የኔን ልገጥምላት ነው።»

ሽማግሌው ዘወር ብለው አዩት፤ ከጫማው እስከ ፀጉሩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። መኪናው ፍኖተ ሰላም ገባ።

መናኸሪያው ላይ ወረዱ። ክንፈሚካኤል የሽማግሌውን ጥቅል እንደያዘ «ወዴት ነው የሚሄዱት? ላድርስዎ» አላቸው።

«እዚሁ ወረድ ብሎ ነው። የበርበሬ ወፍጮ አለ አሉኝ።»

«እኔም ወደዚያው ነኝ።»

«ይሁና» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ እዚያ ጎን ነው የምትሠራው። ወደ ቤቷ ልመልሳት ነው የመጣሁ። ውሸታም ናት ብለውኝ።»

ክንፈሚካኤል ባለበት ቆመ። የያዘው ጥቅል ከእጁ ሊወድቅ ነበር። መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ግን አልቆሙም። «ና እንጂ ልጄ፤ ካርድህ ይበርድብሃል» አሉት ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

*

ሠርክአዲስ በሩ ሲጨልም ቀና አለች። ከፊት አባቷ፤ ከኋላቸው፣ የአባቷን ጥቅል ተሸክሞ፣ እሱ። ሁለቱን አንድ ላይ ምን እንዳመጣቸው ልታስብ እንኳ አልቻለችም። ከወንበሯ ተነሣች።

ከኋላዋ ስክሪኑ ላይ የወለተ ሐና ፊት በአረንጓዴ መስመር ተሸንትሯል። ሚዜዎቹ ቁርጥራጭ ሆነዋል።

«ይኸው!» አለ ክንፈሚካኤል። «መስመሩ! አየሁት! ይኸው እውነቷን ነው!»

ሠርክአዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ቀን ወዲህ አየችው። መስመር ስላየ እንዲህ ደስ ያለው ባለሙያ አጋጥሟት አያውቅም።

እሱ ግን ወዲያው ጎንበስ አለ። ዓይኑ ከስክሪኑ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነጭ ነገር ላይ አረፈ። ቀረብ ብሎ እጁን አስቀመጠበት፤ ቶሎ አነሣው። ይፋጃል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሠርክአዲስ ዳንቴሉን በእጇ ልትከልል ሞከረች።

«ሠርኬ፣ ይሄ መቼ ነው የሚለብሰው?»

«ጠዋት። ወፍጮው ሳይነሣ።»

«እኔ ስመጣሳ?»

«አወልቀዋለሁ።»

«ለምን?»

«ዳንቴል ነዋ!» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «ለቤቴ ብዬ ነበር የምሠራው። አንተ ከበርበሬ ጠብቂያት አልከኝ፤ ጠበቅኋት! ገበር ሁሉ አደረግሁላት! ከዚያ ብታየው ምን ትለኛለህ? ኮምፒውተሩን ዳረችው ትላለህ ብዬ...»

ክንፈሚካኤል የዳንቴሉን ጫፍ ገለጠ። አቡጀዲው በጥሩ ስፌት ዙሪያውን ተዘግቷል፤ ነፋስ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ በዚያ ሥር ታፍነዋል። ካርዷ በርበሬ አልነካትም። ጋቢ ደርባ እሳት ዳር እንደ ተቀመጠች ሰው በገዛ ሙቀቷ ነበር የምትቃዠው። እሱ በመጣ ቁጥር ደግሞ ተገልጣ፣ በርዷት፣ ጎኗ ተከፍቶ ነበር የምትጠብቀው።

ሲዲው የሚገባባትን ትንሽ መስኮት አየ። ዳሯ በክር ተዘምዝሟል። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ የጣለውን፣ ታክሲ ሳይገባ የረሳውን ቃል ይቺ ልጅ እንዲህ አድርጋ ይዛዋለች። እሱ ደግሞ ውሸታም ብሏታል። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ሞላ።

«በርበሬው ነው?» አሉ እትዬ እታለም ከመጋረጃቸው ብቅ ብለው።

«አይደለም» አለ።

ያን ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ከውስጥ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ክንፈሚካኤል ተነሥቶ ዳንቴሉን በሁለት እጁ አወለቀ፤ አጥፎም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጎኑን ከፈተና ካርዱን አወጣው። ማራገቢያው በሙቀት ጠምሟል።

«ይቺ አለቀላት» አለ። ጋዜጣውን ፈትቶ የራሱን ገጠመ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ወለተ ሐና ሙሉ ፊቷን ይዛ፣ ነጭ ለብሳ፣ ከቤቷ ወጣች።

ሠርክአዲስ ዓይኗን ጠርጋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የምትወደው ሰው ከኋላዋ ቆሟል፤ አባቷ ደግሞ ጎኗ ተቀምጠዋል፤ ሊበን ያለ አንድ ታማሚ አባት ግን እየጠበቀ ነው። ሥራዋን ቀጠለች። ሲዲው ወጥቶ እትዬ እታለም እጅ እስኪገባ ድረስ ጎኑ ተከፍቶ፣ ራቁቱን፣ ያለ አንድ መስመር ሠራ።

እትዬ እታለም ሲዲውን ይዘው ቆሙ። «ሠርኬ...» አሉ። «እኔ ነኝ ያወራሁት።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

መሪጌታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«እንግዲህ ልጄ አልዋሸችም ማለት ነው?»

«አንድም ቀን አልዋሸችም፣ አባ» አለ ክንፈሚካኤል። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጠብቂያት ብዬ እንዴት እንደሚጠበቅ ሳልነግራት ሄድኩ። ከዚያም ተጠራጠርኳት። እርስዎም ሆኑ እሷ ይቅር በሉኝ።»

«መልካም።» ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሠርክአዲስ።»

«አቤት አባ።»

«እውነተኛ መሆንሽ በሰው ፊት ተመሰከረልሽ። አሁን እኔ ደግሞ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እንደ ልማድሽ መልሺልኝ። ይሄ ልጅ ከቡሬ ሲመጣ ደስ ይልሽ ነበር?»

ወፍጮው የሚፈጨውን ሊቀይር ቆሞ ነበር። ቤቱ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ክንፈሚካኤል ካቻቪቴውን ጨብጦ ወለል ወለሉን ያያል። ሠርክአዲስ የታጠፈው ዳንቴል ላይ እጇን አሳረፈች።

«ይለኝ ነበር፣ አባ» አለች።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። የመጡት ልጃቸውን ሊወስዱ ነበር፤ አሁን ግን ጥቅላቸውን ፈትተው ያመጡላትን ድርቆሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። ከዚያ ክንፈሚካኤል ፊት ቆሙ።

«ማንኩሳን ታውቃታለህ?»

«በመኪና አልፋታለሁ፣ የኔታ።»

«ቡሬ ትልልቅ ሰዎች አሉ ይባላል። እነሱም ሳያውቋት አይቀሩም፤ ያላወቋት እንደሆን መንገዱን አሳያቸው። እኔ ከፋሲካ በኋላ ከቤት አልጠፋም።»

ክንፈሚካኤል ነገሩ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ሠርክአዲስ ግን ወዲያው ገብቷት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከፋሲካ በኋላ የቡሬ ሽማግሎች ማንኩሳ ላይ ወረዱ። ሰርጉ በዓመቱ ጥር ሆነ፤ ቪዲዮውን ሠርክአዲስ ራሷ ቆርጣ ቀጠለችው፤ እትዬ እታለም ሳይቀሩ ሁሉም አምሮባቸው ወጡ።

ዳንቴሉ ዛሬ ቡሬ ነው፤ እነሱ ቤት። ገበሩ ተፈትቶ ወጥቷል፤ ሲዲ የሚገባባት መስኮት ግን እንዳለች ናት። ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ ኮምፒውተሩ ከላዩ ተቀምጦበታል። ዕቃ ነውና አልፎ አልፎ ይታመማል። ሠርክአዲስ ከጓዳ «ክንፌ፣ ይሄ ነገር ተበላሸ» ትላለች። እሱ ገና ካለበት ሳይነሣ፣ ስክሪኑን ሳያይ፣ «እውነትሽን ነው» ይላል። ካቻቪቴውን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው።